ሥራው ቤት ነው፤ መንገዱ ግን አልቀረም

አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ። በአዲስ አበባ ዳር የሚኖር ሰው ግማሽ ጉልበቱን ሥራ ቦታ ሳይደርስ መንገድ ላይ እንደሚጨርስ ያውቃል። በክራንች ለሚሄድ፣ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ወይም በነጭ በትር ለሚመራ ሰው ደግሞ ነገሩ ከድካም ያልፋል። ሚኒባስ ታክሲ ዊልቸር ለመጫን አልተሠራም፤ ረዳቱ አጥፎ ልጫን ቢል እንኳ ተሳፋሪውን ተሸክሞ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። ባጃጅም ቢሆን በኮንትራት ካልሆነ አይሆንም። ስለዚህ «ለምን እቤትሽ ሆነሽ አትሠሪም?» የሚለው ምክር ከዘመድም፣ ከጎረቤትም፣ ከሥልጠና ሰጪም ይመጣል።

ምክሩ በጎ ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። እቤት መሥራት ሠራተኛውን ከመንገድ ያሳርፋል እንጂ ሥራውን ከመንገድ አያሳርፍም። ጥሬ ዕቃው መምጣት አለበት። እህሉ ወፍጮ ቤት መሄድ አለበት። የተሰፋው ልብስ ባለቤቱ እጅ መግባት አለበት። ወረዳ «ራስህ ቀርበህ ፈርም» ሲል መቅረብ አለ። ቤት ውስጥ የተጀመሩ ብዙ ሥራዎችን የሚገድላቸው የሙያ እጥረት ሳይሆን ከደጃፍ እስከ ገበያ ያለው ምልልስ ነው ብለን እናምናለን። ሥልጠናው ስለ ሙያው ይሰጣል፣ ድጋፉ መሣሪያ ይገዛል፤ ምልልሱን ግን የሚያሰላው የለም።

ከሙያው በፊት ምልልሱን መቁጠር

ሥራ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ትችላለህ?» ተብሎ ነው። ከከተማ ዳር ለሚሠራ አካል ጉዳተኛ ግን የዚያኑ ያህል የሚከብደው ጥያቄ «በወር ስንት ጊዜ ከቤት መውጣት ወይም ሰው መላክ ይኖራል?» የሚለው ነው። አንድ የደብተር ገጽ ሦስት ቦታ ይሰመር። በአንደኛው ዕቃ ለማምጣት፣ በሁለተኛው ምርት ለማድረስ፣ በሦስተኛው ለወረዳና ለባንክ የሚደረገው ምልልስ ይጻፍ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ምልልስ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ፣ የተላላኪው ክፍያና የባከነው የሥራ ሰዓት ተደምሮ ዋጋ ይውጣለት። አንድ ምልልስ ሁሉም ተደምሮ 300 ብር ይፈጃል እንበል። በወር 4 ምልልስ ያለው ሥራ 1,200 ብር፣ 20 ምልልስ ያለው ደግሞ 6,000 ብር ከትርፉ ላይ ይወስዳል። ሁለቱ ሥራዎች ወረቀት ላይ እኩል ያተረፉ ቢመስሉም አንደኛው ይቀጥላል፣ ሁለተኛው በሦስት በአራት ወሩ ይቆማል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ሁልጊዜ የሚረሳ ሰው አለ። ታናሽ እህት፣ የአክስት ልጅ፣ ወይም ከትምህርት ቤት ሲመለስ «እስቲ ይህን አድርስልኝ» የሚባለው ልጅ። ክፍያ ስለማይቀበሉ ወጪ አይመስሉም። እህት ሥራ ስትይዝ ወይም ስታገባ ግን ሥራው አብሯት ይሄዳል፤ ምክንያቱም የምርቱ ዋጋ የእሷን ልፋት ሳይጨምር ስለተተመነ የሚከፈለው ተላላኪ ሲቀጠር ትርፉ ይጠፋል። መፍትሔው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእሷን ድካም በገበያ ዋጋ ተምኖ መጻፍ ነው። መክፈል ባይቻል እንኳ ይጻፍ። ዋጋ ሲወጣ ያ ቁጥር ውስጡ ይግባ።

እንጀራንና በርበሬን ጎን ለጎን ማየት ነገሩን ያፍታታዋል። እንጀራ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይደርሳል፤ አይከማችም፤ ስለዚህ በወር 15 እና ከዚያ በላይ ምልልስ ማለት ነው። ደንበኞቹ በዚያው ግቢ ወይም በዚያው ብሎክ ያሉ ከሆኑና ራሳቸው መጥተው የሚወስዱ ከሆነ ግን ምልልሱ ወደ ዜሮ ይወርዳልና ሥራው ሌላ ሥራ ይሆናል። በርበሬና ሽሮ ግን ይቆያሉ። የወሩ በርበሬ አንዴ ከገበያ ይመጣል፣ አንዴ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ በሁለት በሦስት ጊዜ ይከፋፈላል። መቀንጠሱ፣ መልቀሙ፣ ማመሱ፣ መመዘኑና ማሸጉ ተቀምጠው የሚሠሩ ናቸው። የሚበላሸውም በታወቀ ቦታ ነው። ከወፍጮ ቤት የመጣ ዱቄት ትኩስ ነው፤ ሳይበርድ ፌስታል ውስጥ ከታሸገ እንፋሎቱ ውስጡ ጠል ይሆንና ዱቄቱ ይጓጉላል፣ ይሻግታል። ሰፊ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ እስኪበርድ ድረስ መጠበቅ አለበት። ሌላው ክረምት ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ማድረቂያ ፀሐይ ስለማይገኝ ለክረምቱ የሚሸጠው ግንቦት ሳያልቅ መድረቅና መፈጨት ይኖርበታል፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ደግሞ ከሚያዝያ በፊት መያዝ አለበት። ዓይነ ስውር የሆነ ባለሙያ ሚዛን የሚያይለት ሰው እንዳይጠብቅ አንድ ጊዜ በትክክል የተለካ የግማሽ ኪሎና የሩብ ኪሎ ጣሳ ያዘጋጅ። በርበሬና ሽሮ ክብደታቸው ስለሚለያይ ለእያንዳንዱ የራሱ ጣሳ ያስፈልጋል፤ ልዩነቱን በእጅ የሚለይ ምልክት ጣሳው ላይ ይበሳ ወይም ይለጠፍ።

የዶሮ እርባታም በከተማው ዳር ብዙ ይመከራል። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። ሃምሳ ዶሮ በቀን ወደ 6 ኪሎ፣ በወር ወደ 170 ኪሎ መኖ ይፈልጋል። ያንን ማን ይሸከማል? የሚለው ጥያቄ ጫጩቱ ከመገዛቱ በፊት መመለስ አለበት። መኖ ሻጩ እደጅ ድረስ የሚያመጣ ከሆነ፣ ከረጢቱም መጋቢው አጠገብ የሚራገፍ ከሆነ፣ ወገብ ከፍታ ላይ የተሠራ ኬጅ በዊልቸር ላለ ሰው ይመቻል። መሬት ላይ በገለባ የሚረባ መንጋ ግን እንቁላል ለመልቀምና ቤቱን ለማጽዳት መጎንበስ ይጠይቃል፤ ዊልቸሩም እርጥብ ገለባ ላይ አይሄድም።

የእንጀራ ምጣዱ ጉዳይ

በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ አደጋ አለበትና። ምጣዱ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። በቀጭን ገመድና በተራ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲሠራ መጀመሪያ ሶኬቱ ይግላል፣ ከዚያ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ለዚህ ሥራ ከቆጣሪው በቀጥታ የተዘረጋ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ቆጣሪው ከሌሎች ተከራዮች ጋር የጋራ ከሆነ የሒሳቡ ጠብ እንደማይቀር አስቀድሞ ታውቆ፣ ለብቻ የሚቆጥር ተቀጽላ ቆጣሪ ይገጠም።

በዊልቸር ለተቀመጠ ሰው ሌላ ችግር ይጨመራል። የምጣዱ ሳጥን ወፍራም ስለሆነ ጉልበት ከሥሩ አይገባም፤ በጎን ተጠግቶ መጋገር ግድ ይሆናል፤ ይህም ወገብን ያጣምማል፣ ክንድን ከትኩሱ ጠርዝ በላይ ያሻግራል። የጀርባ አጥንት ጉዳት ደርሶበት እግሩ የማይሰማው ሰው ደግሞ ጭኑ ላይ ያረፈ ትኩስ ሰፌድ ወይም አክንባሎ ሲያቃጥለው አያውቅም፤ የሚያውቀው ቆዳው ተልጦ ሲያይ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው የእንጀራ ጋጋሪነትን ሥራ ብለን አንመክርም። ሊጡን ማቡካት፣ ሒሳቡንና ሽያጩን መያዝ፣ መጋገሩን ለሸሪክ መተው ይሻላል።

ስፌት፦ እግር የሌለበት ፔዳል

ስፌት በምልልስ ስሌት ጥሩ ነጥብ ያገኛል። ጨርቁን ብዙ ጊዜ ደንበኛው ራሱ ያመጣል፣ ራሱ ይወስዳል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የሚመጣ የዩኒፎርም ሥራ በአንድ ጊዜ ብዙ ጨርቅ ያመጣል። እንቅፋቱ መርገጫው ነው። የእግር ሲንጀር የተሠራው ለሁለት ጤነኛ እግሮች ነው፤ የብረት መርገጫውና መዘውሩም የዊልቸሩን የጉልበት ቦታ ይዘውታል።

መውጫ መንገዶቹ ሦስት ናቸው፤ እኩል ግን አይደሉም። የእጅ መዘውር ርካሽ ነው፣ መብራትም አይፈልግም፤ ነገር ግን ቀኝ እጅን ስለሚይዝ ጨርቁን የሚመራው ግራ እጅ ብቻ ይሆናል። ለቀጥታ ስፌት ይበቃል፤ ለእጅጌና ለዚፕ ግን ያስቸግራል። ሁለተኛው በቤት የስፌት መኪና ላይ የሚታሰር ትንሽ ሞተር ነው፤ ከ100 እስከ 150 ዋት የሚሆን። ፔዳሉ ከወለል ተነሥቶ ጠረጴዛው ዳር ላይ በክርን እንዲጫኑት ይደረጋል። ሁለቱም እጆች ነፃ ናቸው። ርካሹን ፔዳል በግማሽ ተጭኖ ለረጅም ጊዜ መያዝ ግን ውስጡን ያግለዋል፤ ሽታ ከመጣ ወዲያው ነቅሎ ማብረድ ነው። ሦስተኛውና ለገቢ የሚሆነው በኢንዱስትሪ መኪና ላይ የሚገጠም ሰርቮ ሞተር ነው። የድሮው ክላች ሞተር ስፌት በሌለበትም ሰዓት እየጮኸ መብራት ይበላል፤ ፔዳሉም ጠንካራ ግፊት ይፈልጋል። ሰርቮው የሚስበው ሲሰፋ ብቻ ነው፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም ይወሰናል። ከሞተሩ ወደ ፔዳል የሚወርደውን ዘንግ አንድ ብየዳ ቤት ወደ ላይ አዙሮ በእጅ ወይም በጉልበት የሚገፋ ማንሻ ሊያደርገው ይችላል። ለጀማሪ ፍጥነቱ ዝቅ ተደርጎ ይጀመር፤ በክርንና በእጅ ፍጥነት መቆጣጠር ልምምድ ይጠይቃል፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መርፌ ይሰበራል።

ከሁሉ በላይ የምንፈራው ግን መርፌውን ሳይሆን ወንበሩን ነው። ለበዓል የመጣ ትልቅ ትእዛዝ ለማድረስ 10 ሰዓት ሳይነሣ የሚሰፋ፣ ከወገብ በታች የማይሰማው ሰው የመቀመጫ ቁስል ያወጣል። ያ ቁስል ለመዳን ወራት ይወስዳል፤ እስኪድን ድረስም በሆድ ተኝቶ መዋል ነው። የአንድ በዓል ትርፍ የሦስት ወር ሥራ ያስከፍላል ማለት ነው። በየ15 እስከ 30 ደቂቃው በክንድ ተገፍቶ ከመቀመጫ መነሣት ወይም ወደ ጎን መደገፍ፣ ወፍራም ትራስ መጠቀም፣ ማታ ማታ በመስተዋት ወይም በሰው ዓይን ቆዳን ማየት የሥራው አካል ነው። ስልኩ ላይ ደወል ይሞላ። ትእዛዝ ሲቀበሉም ይህን እረፍት ቆጥሮ ቀን መስጠት።

ቤቱና የኪራይ ውሉ

ለዊልቸር በር ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር የጠራ ስፋት ይፈልጋል፤ ለመዞር 150 በ150 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ፤ ለመሥሪያ ጠረጴዛ ከሥሩ 70 ሴንቲ ሜትር የጉልበት ከፍታ። ለመግቢያው የሚሠራ ራምፕ (በደረጃ ፋንታ የሚሠራ ተዳፋት) ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። አንድ 15 ሴንቲ ሜትር ደረጃ 1 ሜትር ከ80፣ ሁለት ደረጃ ደግሞ 3 ሜትር ከ60 ይሆናል። ግንበኞች ቦታ ለመቆጠብ አሳጥረው ያቆሙታል፤ ያኔ ወደ ላይ የሚገፋ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል፣ በዝናብ ጊዜ ደግሞ መንሸራተቻ ይሆናል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተጭሮ ሸካራ ይደረግ።

ተከራይ ይህን ሁሉ አውጥቶ በስድስት ወሩ «ልቀቅ» ቢባል ኪሳራው የእሱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ቤት ተከራይቶ እዚያው የሚሠራ አካል ጉዳተኛ ይህን ሕግ እንደ ጋሻ ይያዘው። ውሉ ላይ ደግሞ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨመር፤ አንደኛው ተከራዩ ራምፕና የተለየ የመብራት መስመር መሥራት እንደሚችል፣ ሁለተኛው አከራዩ ሥራው በቤቱ ውስጥ እንዲካሄድ መፍቀዱን የሚገልጽ። ሁለተኛው ለንግድ ፈቃድ ሲኬድም ይረዳል፤ ወረዳ የመሥሪያ ቦታውን ሲጠይቅ በቃል «ፈቅዶልኛል» ማለት አያደርስም።

ፊደሉ፣ ፊርማውና ስልኩ

ዓይነ ስውር ለሆኑ ባለሙያዎች በኮምፒውተርና በስልክ የሚሠራው ሥራ በወር አንድም ምልልስ ላይኖረው ይችላል፤ ቃለ ጉባኤና ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ ትርጉም፣ የስልክ መስተንግዶ። ጥርት ያለ የ1 ሰዓት ድምፅ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል፤ ብዙ ሰው የሚነጋገርበት ስብሰባ ከዚያ ይበልጣል። ዋጋ በድምፁ ርዝመት ብቻ ከመስማማት በፊት 5 ደቂቃ ያህሉን ገልብጦ ሰዓት መያዝ ይበጃል።

ኤንቪዲኤ የተባለው የዊንዶውስ ስክሪን አንባቢ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ በነፃ ይገኛል፤ አብሮት ያለው ኢስፒክ የተባለ የንባብ ድምፅ አማርኛ ያነባል፣ ድምፁ የማሽን ቢሆንም ይለመዳል። ትልቁ መሰናክል ሌላ ነው። ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ ዩኒኮድ፣ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ቁምፊዎች ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው። ዓይን «ሰላም» ያያል፤ ስክሪን አንባቢው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ዝብርቅርቅ ያነባል። ዛሬም በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ከመሥሪያ ቤት ይላካል። መለየቱ ቀላል ነው፤ ጽሑፉ ተቀድቶ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ላቲን ከሆነ ዩኒኮድ አይደለም። ስካን ተደርጎ የመጣ ወረቀትም ለስክሪን አንባቢ ፎቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራ ከመቀበል በፊት «ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ በዎርድ ፋይል ይላክልኝ» ብሎ መስማማት ያስፈልጋል። ላኪው በደቂቃ የሚያደርገው ነገር ተቀባዩን አንድ ቀን ያድነዋል።

በገንዘብ በኩል፣ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ቴሌብር ብዙ የባንክ ምልልስ አስቀርቷል። በ*127# የሚመጣው ምርጫ ግን ስክሪን አንባቢው አንብቦ ሳይጨርስ ጊዜው ሊያልፍ ይችላል፤ የምርጫዎቹን ቁጥር በቃል መያዝ ወይም መተግበሪያውን መጠቀም ይሻላል። የምስጢር ቁጥር ሲገባ ጆሮ ማዳመጫ ይደረግ። ገዢ «ልኬያለሁ፣ እይ» ብሎ የሚያሳየው የስልክ ምስል ማስረጃ አይደለም፤ ዕቃ የሚሰጠው በራስ ስልክ ላይ ቀሪ ሒሳብ ከተሰማ በኋላ ነው።

ፊርማ ግን አሁንም መንገድ ያስወጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728 የዓይነ ስውር ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። የታሰበው ለጥበቃ ነበር፤ በተግባር ግን የውል ሰው እንዳይሆን አድርጎታል። ደንበኛ «ውልህ ነገ ባይጸናስ?» ብሎ ይሸሻል፣ አንዳንድ ቢሮም ወኪል እንዲሾም ይጠይቃል። ሕጉ የሚለው ይረጋገጥ ነው፤ ሌላ ሰው ይወክልህ አይልም። ይህን ልዩነት አንቀጹን ጠቅሶ ማስረዳት ተገቢ ነው። ምልልሱን ለመቀነስ ደግሞ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ሳይሆን ለአንድ ዓመት የሚያገለግል አንድ አጠቃላይ ውል ሰነዶች ማረጋገጫ ወስዶ ማጽደቅ፣ ዝርዝር ትእዛዞቹ በእሱ ሥር በመልእክት እንደሚሰጡ በውሉ ላይ መጻፍ ይቻላል።

መስማት ለተሳናቸው ሠራተኞች ደግሞ ችግሩ ዕቃ አድራሹ ነው። ሞተረኛው ብሎኩ በር ደርሶ ይደውላል፤ የሚያነሣ የለም፤ ይመለሳል። በከተማው ዳር አድራሻ የሚባለው የብሎክና የቤት ቁጥር ስለሆነ እሱን፣ የካርታ ምልክቱንና «መልእክት ብቻ፣ አይደወል» የሚል ጽሑፍ ከትእዛዙ ጋር አስቀድሞ መላክ፣ ሲያስፈልግም የሚሰማ ጎረቤት ቁጥር መጨመር ነው።

ለሌላ ሰው እቤት መሥራት

አምራቹ ክርና ጨርቅ እቤት እየላከ ነጠላ የሚያስቋጭ፣ ልብስ የሚያስጠልፍ ከሆነ የግል ሥራ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 46 እና 47 እቤት ተሁኖ የሚሠራ ሥራን እንደ ሥራ ውል ይቆጥረዋል። አንዳንዱ «ክሩን ግዙኝ፣ ያለቀውን መልሼ እገዛችኋለሁ» ይላል፤ ሲበላሽ ኪሳራው ወደ ሠራተኛዋ እንዲዞር ነው። አዋጁ ይህንንም የሥራ ውል ነው ብሎ ዘግቶታል። አሠሪው የሠራተኛውን ስምና አድራሻ፣ የላከውን ዕቃ ዓይነት፣ ዋጋና ብዛት፣ የታዘዘውን ሥራ፣ የርክክቡን ጊዜና ቦታ፣ የክፍያውን መጠንና ሁኔታ መመዝገብ ግዴታው ነው።

እቤት መሥራት የአሠሪን ግዴታ መሸሻ መሆኑንም አንቀበልም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያዛል። «እቤትህ ሁን» ማለት ራምፕ ከመሥራት ይረክሳልና ሠራተኛው ሳይጠይቅ ሲቀርብለት በጥርጣሬ ማየት አለበት። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የግል ሥራን የሚያበረታታው በዚያው አንቀጽ 27 ውስጥ ከሌሎች ጋር በእኩልነት የመቀጠር መብትን ጠብቆ ነው።

አሠሪው መዝገብ አልያዘም ከተባለ ሠራተኛው የራሱን ይያዝ። ዕቃ ሲረከብ ስንት፣ ሲያስረክብ ስንት፣ በአንዱ ስንት ብር፣ የቀረ ስንት። ወረቀት የማያነብ ወይም የማይጽፍ ሰው ይህንኑ በዚያው ቀን ለአሠሪው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይላክለት፤ ለምሳሌ «ዛሬ 30 ነጠላ ቋጭቼ አስረክቤያለሁ፣ ያልቋጨሁት 12 ይቀረኛል፣ ካስረከብኩት ያልተከፈለኝ የ18 ነው»። ቀኑንና ሰዓቱን ስልኩ ራሱ ይመዘግበዋል፣ አሠሪው መስማቱም ይታያል።